ከሰሊጥ አጨዳ ለሚመለሱ ወንዶች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የስማዳ ገበሬ ነኝ፣ ባለትዳር። በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማ እወርዳለሁ። ዘንድሮ ሒሳብ በተቀበልን ማታ አረቄ ጠጥቼ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ኮንዶም አደርኩ። አምስት ሳምንት ሆነው፤ ምንም አላመመኝም። ባለቤቴ የአራት ወር እርጉዝ ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አለመታመምዎ ማስረጃ አይሆንም፤ ኤች አይ ቪ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። አሁን ነፃ ቢባሉም ሦስት ወር ሲሞላ መድገም አለብዎት፣ ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳልና። እስከዚያ ከባለቤትዎ ጋር ያለ ኮንዶም አይገናኙ። ይህን አጥብቄ የምለው በእርግዝና ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ አዲስ የተያዘች እናት ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ በጣም ከፍ ስለሚል ነው። ከተመለሱ ወዲህ ተገናኝተው ከሆነ እሷም ዛሬ ነገ ሳትል ትመርመር። እውነቱን ይንገሯት። ብቻዎን ከከበደዎት የጤና ጣቢያው አማካሪ ባለበት ይነጋገሩ።

አብረውዎት ለሚወርዱት ደግሞ ይህን ያድርሱልኝ፦ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ከደረሰ፣ ለ28 ቀን የሚዋጥ መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ በወልድያና ወረታ መስመር የምሠራ ሹፌር ነኝ። ነፋስ መውጫ ቋሚ ወዳጅ አለችኝ፤ ከእሷ ጋር ኮንዶም አልጠቀምም፣ ከሌሎች ጋር ግን እጠቀማለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሁለታችሁም ተመርምራችሁ ውጤታችሁን እስክታውቁ ከእሷም ጋር ተጠቀም። ኮንዶሙን ፀሐይ የሚያነደው ጋቢና ውስጥ አታስቀምጥ፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ቫዝሊንም አትቀባው፣ ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ የእስቴ ልጅ ነኝ። ሁመራ የያዘኝን ካላ አዛር ስታከም ኤች አይ ቪ ተገኘብኝ። ሁለቱ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ኤች አይ ቪ በእሷ አይተላለፍም። ነገር ግን ቫይረሱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ካላ አዛር በቀላሉ ይነሣል፣ ታክሞም ያገረሻል። ስለዚህ ሁለቱንም ሕክምና ያዝ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ሳታቋርጥ ወስደህ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ሲደርስ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አታስተላልፍም። ዳግም ለሥራ የምትወርድ ከሆነ ሳትነሣ ለክሊኒክህ ንገር፤ ለረጅም ጊዜ የሚበቃህን መድኃኒት ይዘህ እንድትሄድ ያመቻቹልሃል።