ከፍታ ብቻውን አያበርድም፦ የኤርዙሩም ከተማ፣ ብርዷና ገበያዋ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ ቱርክ ያለችው የኤርዙሩም ከተማ ከፍታ ደግሞ 1,900 ሜትር ያህል ነው። በመማሪያ መጻሕፍት እንደምናገኘው አየሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ከሁለቱ ይበልጥ የምትበርደው አዲስ አበባ መሆን ነበረባት። እውነታው ግን ከዚህ የራቀ ነው። የኤርዙሩም የጃንዋሪ ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2002 ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ተመዝግቦባታል። ይህ ብርድ ከየት ይመጣል? ከተማዋስ ከብርዱ ጋር እንዴት ኖረች? ዛሬ ብርዱን ወደ ገበያ ለማውጣት የምታደርገው ጥረትስ እስከ ምን ድረስ ያዋጣል?

የብርዱ ምንጭ

የመጀመሪያው ምክንያት ኬክሮስ ነው። ኤርዙሩም ወደ 40 ዲግሪ ሰሜን ስትሆን አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። በዲሴምበር 21 እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአዲስ አበባ ከአድማስ በላይ 57 ዲግሪ ያህል ትወጣለች፤ በኤርዙሩም ግን ከ27 ዲግሪ አትበልጥም። አንባቢ የሁለቱን ማዕዘኖች ሳይን ቢያሰላ፣ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው ጨረር በኤርዙሩም ግማሽ ያህል ብቻ መሆኑን ይረዳል። ቀኑም አጭር ስለሆነ ጠቅላላው የቀን ድርሻ ከግማሽ ያነሰ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት በረዶው ራሱ ነው። (አማርኛችን ከዝናብ ጋር ለሚወርደው ጠጠርም፣ ከውኃ ለሚረጋውም፣ እንደ ጥጥ ለሚዘንበውም «በረዶ» የሚለውን አንድ ቃል ይጠቀማል። እዚህ የምንናገረው ስለ ሦስተኛው ነው።) አዲስ የወረደ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን መልሶ ያንጸባርቃል። በሌላ በኩል በኢንፍራሬድ ሞገድ ሲታይ ጥቁር አካል ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱን ወደ ሰማይ በቀላሉ ይለቃል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅና ስስ በሆነበት ሌሊት ወደ ታች የሚመለስ ጨረር ጥቂት ነው። ስለዚህ መሬቱ ቀን የሚያገኘው ትንሽ፣ ሌሊት የሚያጣው ብዙ ይሆናል።

ሦስተኛው የመልክዐ ምድሩ ቅርጽ ነው። ኤርዙሩም በተራሮች የተከበበ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃታማው ይልቅ ስለሚከብድ፣ ሌሊት በየተዳፋቱ ወርዶ ውኃ በገበታ እንደሚጠራቀም በሜዳው ላይ ይተኛል። እንዲህ ሲሆን የሙቀቱ ሥርዓት ይገለበጣል፦ ከከተማው በላይ ያለው የተራራ ገጽ ከከተማው ይልቅ ሞቅ ይላል። የከሰል ጭስም በዚህ ክዳን ሥር እየታፈነ ነዋሪውን ለረጅም ዘመን ሲያስቸግረው ኖሯል። በኋላ የተፈጥሮ ጋዝ መግባቱ ጭሱን ቢያቀለውም፣ ክዳኑ ግን የተፈጥሮ ስለሆነ ዛሬም አለ።

የሠራዊትና የነጋዴ መንገድ

እንዲህ ባለ ስፍራ ሰው ለምን ከተማ ቆረቆረ? መልሱ መንገድ ነው። ከጥቁር ባሕር ወደብ ከትራብዞን ተነሥቶ ወደ ፋርሷ ታብሪዝ የሚሄድ ሲራራ ነጋዴ በዚህ ሜዳ ማለፍ ነበረበት። ቢዛንታይኖች በንጉሠ ነገሥታቸው ስም ቴዎዶስዮፖሊስ ብለው መሸጉባት። በ11ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአቅራቢያዋ የነበረችው አርዘን በሰልጁቆች ስትጠፋ ሕዝቧ ወደዚህ ፈለሰ፤ የዛሬው ስምም «የሮማውያን አርዘን» ከሚለው የመጣ ነው። መንትያ ሚናራ ያለው የ13ኛው መቶ ዘመን መድረሳና እ.ኤ.አ. በ1310 የተሠራው የያኩቲዬ መድረሳ ያ የንግድ ዘመን ያፈራቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1829 የሩሲያ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ገጣሚው አሌክሳንደር ፑሽኪን ከሠራዊቱ ጋር ገብቶ ነበር፤ የጉዞ ማስታወሻውንም በ1836 አሳተመ። ቅድመ አያቱ የአብራም ጋኒባል የትውልድ ስፍራ ኢትዮጵያ ነው ወይስ ሌላ የአፍሪካ ምድር የሚለው ክርክር ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ብርዱ ለወታደር ምን ማለት እንደሆነ ያሳየው ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1914 መጨረሻና በ1915 መጀመሪያ የኦቶማን ሦስተኛ ጦር ከኤርዙሩም በስተምሥራቅ በሳሪካሚሽ ተራሮች ላይ ባካሄደው ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አለቁ፤ ብዙዎቹን የፈጃቸው ጥይት ሳይሆን ቅዝቃዜ ነበር። በ1915 የከተማዋ አርመናውያን ተጋዙ፤ አብዛኞቹም አልተመለሱም። በፌብሩዋሪ 1916 ደግሞ ሩሲያውያን ክረምቱ ሳይበግራቸው ምሽጉን ያዙ። በ1919 የቱርክ ብሔራዊ ንቅናቄ ጉባኤውን ከጁላይ 23 እስከ ኦገስት 7 ያካሄደው በዚህችው በተጎዳች ከተማ ነው።

ከብት፣ ባቡርና ዩኒቨርሲቲ

የባቡር ሐዲድ ኤርዙሩም የደረሰው በ1939 ነው። የአካባቢው ገበሬ መተዳደሪያ በዋናነት የከብት እርባታ ነው፤ የእድገቱ ወራት አጭር ስለሆነ ምድሩ ከእህል ይልቅ ለሣር ይስማማል። ከኦልቱ ወረዳ የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ ለመቁጠሪያና ለጌጥ ይሠራል። አታቱርክ ዩኒቨርሲቲ በ1957 በሕግ ተቋቁሞ በማግሥቱ ዓመት ማስተማር ሲጀምር ከተማዋ አዲስ ምሰሶ አገኘች። ይሁንና የሕዝቡ ወደ ምዕራብ መፍለስ አልቆመም። የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ በ2000 ቆጠራ ከ930,000 በላይ ነበር፤ በ2022 ወደ 750,000 ወርዷል። የክረምት ቱሪዝም ጉዳይ ሊመዘን የሚገባው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

ብርድን መሸጥ

ከከተማው በስተደቡብ ያለው የፓላንዶከን ተራራ ከፍታው ከ3,100 ሜትር በላይ ነው። የበረዶ ሸርተቴ ስፍራው ከከተማው ጥግ በሚባል ርቀት ላይ ይጀምራል። በ2011 ከተማዋ ከ50 በላይ አገሮች የተሳተፉበትን የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክረምት ጨዋታ አስተናገደች። ለዚሁ የተሠራው የዝላይ ሜዳ ግን በጁላይ 2014 በመሬት መንሸራተት ፈረሰ፤ ኋላ ተጠገነ። ተዳፋት ላይ በጥድፊያ መገንባት የሚያስከትለውን ዕዳ ለሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ደመና ሲዘገይ በረዶ በመሣሪያ ይሠራል። አሠራሩ የገንቦ ውኃ ከሚቀዘቅዝበት ሕግ አይለይም። በገንቦው ግድግዳ ላብ ሆኖ የሚወጣው ውኃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የቀረው ይቀዘቅዛል። በበረዶ መሥሪያውም ውኃ በጣም ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ወደ አየር ይረጫል። አንድ ኪሎግራም ውኃ በዜሮ ዲግሪ ለመርጋት 334 ኪሎጁል ማጣት አለበት፤ አንድ ኪሎግራም ለመትነን ግን 2,500 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በሒሳብ ደረጃ 120 ግራሙ ቢተን የቀረውን 880 ግራም ሊያረጋው ይችላል። በተግባር የቀዝቃዛው አየር እገዛ ስለሚታከልበት የሚተነው ከዚህ ያንሳል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ወሳኙ የአየሩ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ድርቀቱም መሆኑን ነው። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ቢያሳይም አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ከ4 ዲግሪ በላይ ይወርዳል፤ መሣሪያውም ይሠራል። እርጥበቱ 100 በመቶ ከሆነ ግን ሁለቱ ቴርሞሜትሮች እኩል ናቸው፤ ከጭጋግ በቀር የሚገኝ ነገር የለም። የኤርዙሩም ሀብት እንግዲህ ደረቅ ብርዷ ነው። ውኃው ግን በነጻ አይመጣም፦ አንድ ሄክታር መሬት በ30 ሳንቲሜትር በረዶ ለመሸፈን 1,300 ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልጋል። ከዚህ ሜዳ የሚነሣው ወንዝ የኤፍራጥስ ምዕራባዊ ክንፍ ስለሆነ፣ በታችኛው ተፋሰስ ያለ ገበሬም ጉዳዩ ይመለከተዋል።

የምድር ሙቀት መጨመር በዚህ ላይ ሲታከል ስሌቱ ቀላል ነው። በ1 ዲግሪ ጭማሪ የበረዶ መነሻ መስመር 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሸሻል፤ በ2 ዲግሪ 300 ሜትር። ፓላንዶከን ከፍ ያለ ስለሆነ ከዝቅተኛዎቹ የአውሮፓ መዝናኛዎች ይልቅ ዘለግ ያለ ጊዜ አለው። አስቀድሞ የሚጎዳው የወቅቱ መነሻና መድረሻ፣ ማለትም ኖቬምበርና ኤፕሪል ነው፤ ለሆቴል ባለቤት ደግሞ ትርፍና ኪሣራን የሚለዩት እነዚህ ሳምንታት ናቸው።

በእኔ ግምት ከሸርተቴው ይልቅ ጸንቶ የሚቆየው ሌላው ሥራ ነው። ከከተማው በስተደቡብ በካራካያ ኮረብታ፣ 3,170 ሜትር ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው 4 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዘ ቴሌስኮፕ አስተክሏል። የውኃ ተን ከከዋክብት የሚመጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር ስለሚውጥ፣ እንዲህ ላለው መሣሪያ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የግድ ነው። ከፍታው ከእንጦጦው መመልከቻችን ጋር ተቀራራቢ ሲሆን፣ ልዩነቱ ከሁለቱ ተራሮች በላይ በሚያልፈው ተን መጠን ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው በረዶ አይደለም፤ በረዶ የማይጥልበት ጥርት ያለ የክረምት ሌሊት ነው።