ዳንቴሉን አንሱት

ሳሎናችን ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን ዳንቴል ይለብስ ነበር። የእናቴ የእጅ ሥራ ነው። ከዜና ሰዓት በፊት ራሷ ታነሳዋለች፣ ሲያበቃ ራሷ ትመልሰዋለች፤ ለእኛ ለልጆቹ የተፈቀደው ማየት ብቻ ነበር። «አትንካ፣ ታበላሸዋለህ!» የሚለውን ከሀሁ ቀድሜ ሳልሰማው አልቀርም። በኋላ ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ሲገባም ነገሩ ያው ሆነ፤ ማሽኑ እንደ ሙሽራ ተሸፍኗል፣ ክፍሉ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሲከፈትልን አራት ሆነን አንድ ማሽን ፊት እንቀመጣለን። አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሦስታችን አንገታችንን እናሰግጋለን።

ስለዚህ ሰው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመሞከር ሲያመነታ አይገርመኝም። መጀመሪያ ብዙ ምክንያት ይደረድራል፤ ጊዜ የለኝም፣ የፕሮግራመሮች ነገር ነው፣ ጌም አያጫውትም። ሁለተኛው ማኪያቶ ሲመጣ ግን እውነተኛው ይወጣል፦ «ላፕቶፔን ባበላሸውስ?»

ጥሩ፣ ከማበላሸት እንጀምር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 21። ኮምፒውተርን የለመደው በአያቱ ማሽን ነው። አያቱ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ወረቀት ላይ የጻፉትን ፕሮግራም ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያስመቱት ነበር። ዳንቴል የሌለበት ቤት ማለት ይሄ ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ላይ ሊነስ ለትርፍ ጊዜው የሚሆን ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየጻፈ መሆኑን፣ ትልቅ ነገር እንዳይጠብቁ ጭምር ለሰዎች አስታወቀ። ሥራው ገና ጅምር ላይ እያለ አንድ ቀን በሞደም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊደውል አስቦ ትእዛዙን በስሕተት ለሞደሙ ሳይሆን ለሃርድ ዲስኩ ሰጠው። እስከዚያ ድረስ የሚሠራበት ሚኒክስ የሚባለው ሲስተም ያለበት ክፍል ተበላሸ። እንደገና መጫን ይችል ነበር። እሱ ግን «ከእንግዲህ በራሴው እሠራለሁ» ብሎ ጠቅልሎ ወደ ገዛ ልጁ ወደ ሊኑክስ ገባ።

ያ የትርፍ ጊዜ ሥራ ዛሬ የት ደርሷል? ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ላይ ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊኑክስ ነው። እንግዲህ አልነካም ብላችሁ የምትምሉበትን ነገር ቀኑን ሙሉ ስትዳስሱት ትውላላችሁ ማለት ነው።

ደግሞም ላለማበላሸት የሚያስችል መላ አለ። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ፈልጉ። ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አውርዱ፤ ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ጥሩ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት ለመሄድ ሰበብ ይሆናችኋል። ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጫኑት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ነገር እንደሚጠፋ ግን አትርሱ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ኤፍ 12ን ወይም ኤፍ 2ን (እንደ ላፕቶፑ ዓይነት ነው) ደጋግማችሁ ተጫኑና ከፍላሹ እንዲነሳ ምረጡ። ሲስተሙ ከፍላሹ ላይ ሆኖ ይሠራላችኋል። ጫን የሚለውን እስካልነካችሁ ድረስ ሃርድ ዲስካችሁ እንደነበረ ነው። ዋይፋዩ ያዘ? ድምፁ ይሰማል? ስክሪኑ ደህና ነው? ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ተጫወቱበት። ስትወዱት፣ ፎቶና ሰነዳችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ከገለበጣችሁ በኋላ ጫኑት። ገልብጡ ስል የምሬን ነው፤ እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም።

2 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ሊኑክስ ሚንትን ያነሳል፣ 4 ካለው ደግሞ ይዝናናል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ካቆመ ወዲህ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያላቸው ብዙ ጤነኛ ላፕቶፖች ሳጥን ውስጥ ገብተዋል። አንዱን አውጡት። ሌላም ደስታ አለ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ላይ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ያ የታወቀ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ ዝም ብሎ የሚተኛ ፋይል ነው።

አንድ ነገር አልደብቅም። በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ፣ በአውቶካድ የምትነድፉ ከሆነ ዊንዶውሳችሁን አትንቀሉ፤ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ ማሽኑ ሲነሳ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። የዓለም ፊደሎች የጋራ መለያ ከሆነው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ሰነዶችም ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ ሁሉ በሰላም ይከፈታል። ለመጻፍ «አይባስ ኤም 17 ኤን» የሚባለውን ጫኑና ከአማርኛ ምርጫዎቹ ሴራ የሚባለውን ያዙ፤ የሰላምን ድምፅ በላቲን ፊደል ስትመቱ ራሱ ሰላም ብሎ ይወጣል።

አሁን ወደ ጥቁሩ መስኮት እንግባ፤ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲ። ተርሚናል ይባላል። ፊልም ላይ ሌቦች ባንክ ሲዘርፉበት ስላየነው ያስፈራል እንጂ፣ ከማሽኑ ጋር በጽሑፍ መነጋገሪያ ነው። መጀመሪያ የምትማሩት ትእዛዝ «ማን» ይሁን። ማኑዋል የሚለውን አሳጥረውት ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። ማን ነህ? ምን ትሠራለህ? ብላችሁ ከኋላው የትእዛዙን ስም ስትጽፉ መልሱ ይዘረዘርላችኋል። ኢንተርኔት አይጠይቅም። ዳታ ባለቀበት፣ ኔትወርክ በጠፋበት ምሽት መምህሩ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። ለመውጣት «ኪው»ን መጫን ብቻ ነው።

ረጅም ስም አትምቱ፤ ሁለት ሦስት ፊደል ጽፋችሁ ታብን ስትነኩ ይሞላላችኋል። ትናንት የጻፋችሁትን ረጅም ትእዛዝ ለማግኘት ኮንትሮልና አርን ተጫኑና የምታስታውሱትን ቁራጭ ጻፉ። እነዚህን ሁለቱን ብቻ የለመደ ሰው ከጎኑ ለተቀመጠው ጠንቋይ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን ቱቦው ነው፤ ቀጥ ያለችው ሰረዝ። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1973 በአንድ ሌሊት ለሊኑክስ አርአያ በሆነው በዩኒክስ ሲስተም ውስጥ ያስገባው ነገር ሲሆን ሊኑክስም ወርሶታል። እህል ስናዘጋጅ ሰፌዱ ያበጥራል፣ ወፍጮው ይፈጫል፣ ወንፊቱ ይነፋል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ልሥራ አይልም። እዚህም «ግሬፕ» ይነፋል፣ «ሶርት» በተራ ያስቀምጣል፣ «ደብሊው ሲ» ይቆጥራል፤ ቱቦው የአንዱን ውጤት ለቀጣዩ ያቀብላል። እኔ ግሬፕን የወደድኩት በገዛ ፊደላችን ጣጣ ነው። አንድ ሺህ ገጽ ጽሑፍ ውስጥ አገር የሚለውን ቃል ፈልጉ ብትባሉ፣ አንዱ በአ፣ ሌላው በሀ፣ ሦስተኛው በሐ ጽፎታል። ግሬፕ ላይ «[አሀሃሐሓኀ]ገር» ብላችሁ ስትሰጡት ሁሉንም ለቅሞ ያመጣላችኋል። ለፊደል ሙግት ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሌላም ሙከራ፦ ደብሊው ሲን ሰላም የሚለው ቃል ስንት ባይት እንደሆነ ጠይቁት። 9 ይላችኋል። ሦስት ፊደል እንዴት ዘጠኝ ይሆናል? በተለመደው በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የላቲኑ አንድ። ባይት እየቆጠረ ጽሑፍ የሚቆርጥ ፕሮግራም አማርኛን መሐል ላይ ሰብሮ የጥያቄ ምልክት የሚያደርገው ለዚህ ነው። ይህን በጣቱ ነክቶ ያየ ተማሪ ነገ የሚሠራው መተግበሪያ ላይ ያንን ስሕተት አይደግምም።

ስሕተት ካልን፣ የስሕተት ጽሑፍ ስታዩ መስኮቱን አትዝጉ። የስሕተት መልእክት ስድብ አይደለም፣ አድራሻ ነው። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያጋጥሟችሁ ባብዛኛው ሦስት ናቸው። «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ካለ ወይ ፊደል ተሳስታችኋል ወይ ፕሮግራሙ አልተጫነም። «ኖ ሳች ፋይል» ካለ ባብዛኛው ያላችሁት ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው፤ «ፒ ደብሊው ዲ» ብላችሁ የት ነኝ ብሉት። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ደግሞ ፈቃድ የላችሁም። ሦስተኛው ላይ ብዙ ጀማሪ «ሱዶ» የምትባለውን ያለማሰብ ይለጥፋል። ሱዶ የቤቱ ሙሉ ቁልፍ ናት፤ ለምን እንደተከለከላችሁ ሳታውቁ አታዙሯት። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስትጽፉ ረጅም ስሕተት ሲዘረገፍ ደግሞ ከታች ጀምራችሁ አንብቡ፤ ዋናው ነገር መጨረሻው መስመር ላይ ነው።

እኔም አንድ ሌሊት ያለቁ ጊዜያዊ ፋይሎችን ላጠፋ «አር ኤም» ጽፌ፣ ከኮከቧ ቀጥሎ አንዲት ባዶ ቦታ አስገባሁ። ኮከቧ «ሁሉንም» ማለት ናት። ፎልደሩ ጸዳ፤ የሁለት ወር ሥራ። ተርሚናል ላይ ቅርጫት የለም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በ«ኤል ኤስ» አሳየኝ እላለሁ፣ ዝርዝሩን አይቼ ነው ኤል ኤሱን በአር ኤም የምተካው። ሥራዬንም የፋይል ለውጥን በሚከታተለው በጊት እመዘግባለሁ፣ ቅጂውን ሌላ ዲስክ ላይ እያኖርኩ። ጊትንም እ.ኤ.አ. በ2005 የጻፈው ያው ለሃርድ ዲስኩ ሊደውልለት የሞከረው ሊነስ ነው፤ ያጋጣሚ ነገር።

ዳታ ለምትቆጥቡ አንድ ምክር ልጨምር፦ በ«አፕት-ጌት» ትእዛዝ ፕሮግራም ስትጭኑ የወረደው ፋይል ማሽኑ ውስጥ ይቀመጣል። «ቫር» ውስጥ «ካሽ» ውስጥ «አፕት» ውስጥ ገብታችሁ «አርካይቭስ»ን ክፈቱ፤ በፍላሽ ገልብጣችሁ ተመሳሳይ ሲስተም ላለው ጓደኛችሁ ስጡት። ቅጂው የተፈቀደ ነው፣ ማንም ሌባ አይላችሁም። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያውጅ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ሶፍትዌርን መጠቀም፣ ከፍቶ ማየት፣ መለወጥ፣ ማካፈል። እንግሊዝኛው «ፍሪ» የሚለውን አንዱን ቃል ለሁለት ትርጉም ስለሚጠቀምበት እስከ ዛሬ ያከራክራቸዋል። እኛ ዘንድ የምትለያቸው «በ» ናት፦ በነጻ የተሰጠ እና ነጻ የሆነ።

ፕሮግራም መጻፍ ለመጀመር ትልቅ ሐሳብ አትጠብቁ። ፓይተን ሚንት ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያ ሥራችሁ የፈረንጅን ሰዓት ወደ እኛ መቀየር ይሁን፦ ከሰዓቱ 7 ቀንሱ፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፣ 1 ጨምሩ። 13 ሰዓት 7 ይሆናል፣ እኩለ ሌሊት 6። ደግሞም ፓይተን 3 የአማርኛ መጠሪያ ስለሚቀበል «ሰዓት = 13» ብላችሁ በፊደላችን መጻፍ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው የዕቁብ ዕጣ ነው፤ አራት መስመር። «ራንደም»ን ማስገባት፣ የስም ዝርዝር፣ በ«ሻፍል» መበወዝ፣ የመጀመሪያውን ማውጣት። ይህንኑ ለሰፈራችን ዕቁብ ሳሳይ ዳኛው በጥርጣሬ አዩኝ። «ለማን እንደሚያወጣ አስቀድመህ ብትነግረውስ?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ዕጣ ሁሉም እያየ ይጠቀለላል፣ ሁሉም እያየ ይነቀነቃል። ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞርኩና አራቱን መስመር አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ጸሐፊዋ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ፣ ስማቸውን አገኙት፣ ግን ቅር አላቸው። በ«ሠ» እንጂ በ«ሰ» አይደለም አሉ። ኪቦርዱን ወደ እሳቸው ገፋሁት። «ኧረ እንዳላበላሸው!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያ በአንድ ጣት ፈልገው ፈልገው አረሙት፣ ፕሮግራሙንም ራሳቸው አስነሱት። ዕጣው ለጎረቤታቸው ወጣ። እሳቸው ግን ከወንበሩ አልተነሡም፤ «ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» አሉ።