የቲጁካ ደን

ብራዚል በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ ሰፊ አገር ናት። በዚያች አገር በባሕር ዳር ሪዮ ዴ ጃኔሮ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማይቱም በላይ የቲጁካ ተራሮች ይታያሉ። እነዚህ ተራሮች ቀድሞ ዝናም በሚወድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ተሸፍነው ነበር፤ ከደኑም የሚፈልቁት ምንጮች ሕዝቡን ያጠጡ ነበር።

ኋላ ሰዎች በዚያ ቡና ሊተክሉ ፈለጉ። ቡና በትውልድ አገሩ በኢትዮጵያ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የቲጁካ ባለ እርሻዎች ግን ዛፉን ቈርጠውና አቃጥለው ቡናቸውን በገላጣው መሬት ላይ ተከሉ። ለጊዜው ብዙ ገንዘብ አገኙ፤ ነገር ግን ጎርፍ አፈሩን ጠረገው፤ ቡናውም ደከመ፤ ምንጮቹም ጐደሉ።

ይህ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። የዛፍ ቅጠል የዝናሙን ኃይል ያበርዳል። ከሥሩ የረገፈው ቅጠል ውሃውን እንደ ጥጥ መጥጦ ይይዛል፤ ሥሩም አፈሩን አጥብቆ ያስራል። ስለዚህ ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ምድር ገብቶ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ደን በሌለበት ግን ዝናሙ ወዲያው ጎርፍ ሆኖ ያልፋል።

ከተማይቱ በተጠማች ጊዜ፥ በ1861 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ፔድሮ ደኑ እንደ ገና እንዲተከል አዘዙ። ሥራውንም ለሻለቃ ማኑኤል አርቸር ሰጡ። በዚያን ዘመን ባርነት በብራዚል ገና አልቀረም ነበርና፥ ጕድጓዱን የቈፈሩትና ችግኙን የተሸከሙት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ደኑን ያጠፉት ሌሎች ሲሆኑ ድካሙ በእነዚህ ላይ ወደቀ። በ13 ዓመት ውስጥም ከ60 ሺህ የሚበልጥ ዛፍ ተተከለ።

ዛሬ ተራሮቹ ደን ለብሰዋል፤ ከ1961 ጀምሮም በሕግ የተጠበቀ ብሔራዊ ፓርክ ሆነዋል። ነገር ግን የቀድሞው ኹሉ አልተመለሰም። ከአራዊቱ ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ አንዳንዶቹን ሰዎች ከሌላ ስፍራ እያመጡ ሊመልሷቸው ይደክማሉ። በዚያው አገር በታላቁ በአማዞን ደን ደግሞ ስለ ከብት ግጦሽና ስለ እርሻ ዛሬም ብዙ ዛፍ ይቈረጣል።

ትልቅ ዛፍ በመጥረቢያ ለመጣል አንድ ቀን ይበቃል፤ ለማሳደግ ግን የሰው ዕድሜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ መጥረቢያ የሚያነሣ ሰው ከተራራው በታች ውሃ የሚጠጣውን ጎረቤቱን አስቀድሞ ያስብ።