ለቤታችን ዲስኮች ስም የሚያትም ፕሪንተር ስንመርጥ

በቤርሳቤህ በብዙዎቻችን ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ የሠርግ፣ የባር ሚጽቫ፣ የሲግድ በዓልና የተዝካር ዲስክ ተደራርቦ ይገኛል። ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ሽማግሌዎች ስለ አገር ቤት ሲያወጉ የተቀዳበትም አለ። ብዙው ግን ምንም አልተጻፈበትም። የአያቱን ድምፅ የያዘውን ዲስክ ባዶ መስሎት የጣለ ልጅ እንዴት ይወቀሳል? ዛሬ ዲስክን አስተካክሎ ስም ማስያዝ እንዴት እንደሚቻል፣ ለዚህም ፕሪንተር መግዛት መቼ እንደሚያዋጣ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ዲስኩ እንዴት እንደተሠራ እንወቅ። ሲዲ ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ሰው ድምፁ የሚቀመጠው በሚያብለጨልጨው በታችኛው ፊት ላይ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ድምፁ ያለው ስም ከምንጽፍበት ከላይኛው ፊት ሥር ነው፤ የሚሸፍነውም ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። በእስክርቢቶ ተጭኖ የጻፈ ሰው ሳያውቀው ቀረጻውን ሊጭር ይችላል ማለት ነው። ዲቪዲ ግን እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ዝርግ ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ መረጃው መሃል ላይ ነው፤ ከላይ የሚመጣ ጭረትን የተሻለ ይችላል።

ክብ ተለጣፊ ወረቀት ላይ አትሞ መለጠፍን አንመክርም። ዲስክ በኮምፒውተር ውስጥ በደቂቃ እስከ 10 ሺህ ዙር ገደማ ሊሽከረከር ይችላል፤ ወረቀቱ ጥቂት እንኳ ካዘነበለ ዲስኩ ይንቀጠቀጣል። የነገቭ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ መኪና ውስጥ ከተተወ፣ ሙጫው ይለቅና ወረቀቱ ማጫወቻው ውስጥ ሊጣበቅ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2003 ባሳተመው መመሪያ ለረጅም ጊዜ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ተለጣፊ እንዳይደረግ አሳስቧል። አስቀድሞ የተለጠፈ ካላችሁ ግን ለመላጥ አትሞክሩ፤ ቫርኒሹን ይዞት ሊነሣ ይችላል። ይልቅ ቀረጻውን ወደ አዲስ ዲስክ ገልብጡት።

አሥር ወይም ሃያ ዲስክ ብቻ ያለው ቤተሰብ ለዚህ ብሎ ፕሪንተር መግዛት የለበትም የሚል ነው አስተያየታችን። በጽሕፈት መሣሪያ መደብር «ቱሽ ለዲስኪም» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጫፉ ለስላሳ፣ ቀለሙ በውኃ የተበጠበጠ ይሁን። ከሁሉም የማያሰጋው ቦታ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብርሃን የሚያሳልፈው ቀለበት ነው፤ እዚያ ላይ ምንም ቀረጻ የለም። ማን፣ የት፣ መቼ፦ ሦስቱን ጻፉ።

የልጃቸውን ሠርግ ለመቶ ዘመድ ለማደል ለሚያስቡ፣ ወይም ልጃቸው ቪዲዮ የመቅረጽ ሥራ ለጀመረላቸው ወላጆች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለእነሱ የሚያስፈልገው በቀጥታ በዲስኩ ላይ የሚያትም ባለ ቀለም ፕሪንተር፣ በዕብራይስጥ «ማድፔሴት ሀዝራቃት ድዮ» የሚባለው ነው። የሌይዘር ፕሪንተር በሙቀት ስለሚሠራ ለዲስክ አይሆንም። ባለ ቀለሙም ቢሆን ሁሉም አያትምም፤ ዲስኩን የሚሸከም «ማጋሽ»፣ ማለትም ትሪ ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ዓይነት መካከል የካኖን አይፒ7250 እና ቲኤስ705፣ የኤፕሰን ኤል805 ይገኙበታል። ሻጩን «ሃማድፔሴት ማድፒሳ ዓል ዲስኪም?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በካርቶኑ ላይ ተጽፎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ትሪውን በዓይናችሁ እዩት፤ ቶሎ የሚጠፋው ዕቃ እሱ ነው። በአንድ ወቅት ካኖን አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸው ፕሪንተሮች በአውሮፓ ከሚሸጡት ጋር አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ በዲስክ ላይ ማተም አይችሉም ነበር። ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን አሮጌ ፕሪንተር ከመረከባችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ዲስኩም ቢሆን ለኅትመት የተዘጋጀ፣ ፊቱ ነጭና የማያብለጨልጭ መሆን አለበት፤ በተራው ዲስክ ላይ ቀለሙ አይዝም። ነጩ ቦታ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በመስመሪያ ለክታችሁ ለፕሮግራሙ ንገሩት፤ አለዚያ ቀለሙ ትሪው ላይ ይፈስሳል። ታትሞ ሲወጣ አንድ ቀን አስቀምጡት። እርጥብ እጅ አይንካው።

የቀለሙ ነገር ብዙ ሰው ያማርራል፤ ፕሪንተሩ ርካሽ፣ ቀለሙ ውድ። ከመግዛታችሁ በፊት የቀለሙን ዋጋ ጠይቁ እንላለን። እንደ ኤል805 ያለው በጠርሙስ የሚሞላ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ውድ ቢሆንም ብዙ ለሚያትም ያዋጣል፤ በዓመት ሁለቴ ለሚያትም ግን ገንዘብ ማባከን ነው። በደረቅ አየራችን ሥራ የፈታ ፕሪንተር ቀለም መርጫው ይደርቃል፤ በየሳምንቱ አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተምና አቧራ እንዳይገባው መሸፈን ይጠቅማል።

ስሙን በአማርኛ ስትጽፉ በፊደሉ ምትክ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ፕሪንተሩ አልተበላሸም፤ ፕሮግራሙ የግዕዝ ፊደል አላገኘም ማለት ነው። ልጆቻችሁ «አቢሲኒካ» ወይም «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የተባሉትን ፊደሎች በነጻ አውርደው ይጫኑላችሁ።

ስለ መብታችሁም እንንገራችሁ። ከመደብር የተገዛ ፕሪንተር ካልተጠቀማችሁበት በ14 ቀን ውስጥ ልትመልሱት ትችላላችሁ፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ማገናኘት ግን እንደ መጠቀም ይቆጠራል። ስለዚህ ካርቶኑን አስቀድማችሁ አንብቡ ወይም አስነብቡ፣ ሶኬቱ ከዚያ በኋላ ይሰካ። በስልክ አነጋግረው የሸጡላችሁ ከሆነ ደግሞ ዕድሜው 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ወደ አገር ከገባ 5 ዓመት ያልሞላው ዖሌ ሐዳሽ ግዢውን ለመሰረዝ 4 ወር አለው። የገዛችሁበትን «ካባላ» አትጣሉ።