የመርሳት ሕመም፦ በአንጎል ውስጥ የሚከማቹ ፕሮቲኖችና ብግነት

አንድ አረጋዊ የልጆቻቸውን ስም ማምታታት፣ የገዛ ሰፈራቸው መንገድ መጥፋት ሲጀምር ብዙዎቻችን «ጃጅተዋል» ብለን ነገሩን በዚያው እንዘጋዋለን። አንዳንዶችም ከእርግማን ወይም ከክፉ መንፈስ ጋር ያያይዙታል። ይሁን እንጂ የዕለት ኑሮን የሚያውክ መርሳት የእርጅና ጠባይ ሳይሆን ሕመም ነው። የማሰብና የማስታወስ ችሎታን ከሚያዳክሙት ሕመሞች በብዛት የሚታየው አልዛይመር ሲሆን፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1906 በ55 ዓመቷ ያረፈችን አንዲት ታካሚ አንጎል በአጉሊ መነጽር መርምሮ ከነርቭ ሕዋሳት ውጪ የተጋገረ ክምችት፣ በውስጣቸውም የተጠላለፈ ክር አገኘ። የመጀመሪያው አሚሎይድ ቤታ፣ ሁለተኛው ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች እንደሚሠራ ዛሬ ታውቋል። ሁለቱም በጤናማ አንጎል ውስጥ ይገኛሉ፤ ጉዳት የሚያደርሱት ቅርጻቸው ተዛብቶ ሲከማቹ ነው።

አንጎል የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ሥራቸው ቆሻሻን መልቀምና ተሐዋስያንን መከላከል ነው። ክምችቱ ለዓመታት ሲዘልቅ ግን ዘበኞቹ ከቁጣቸው ሳይበርዱ ይቀራሉ፤ የሚያመነጩትም ንጥረ ነገር ጤናማ የነርቭ ሕዋሳትን ይጎዳል። ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ለመከላከል የተነሣው ኃይል በዚህ መልክ ጉዳቱን ያባብሳል። ክምችቱ የሚጀምረው የመርሳት ምልክት ከመታየቱ ከ15 ዓመት በላይ አስቀድሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚገባው ከጎልማሳነት ጀምሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት 14 ሊቀነሱ የሚችሉ መንስኤዎችን ዘርዝሯል። ከእነዚህም የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ መጠጥ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የመስማት ችግርና ብቸኝነት ይገኙበታል። ሁሉንም ማስወገድ ቢቻል ከሕሙማኑ 45 በመቶ ያህሉ ከሕመሙ ሊድኑ ወይም ሊዘገይላቸው በተቻለ ነበር።

በሻሸመኔና በአካባቢዋ ያላችሁ ቤተሰቦች እነዚህን አስተውሉ፦

አንደኛ፣ መርሳት ሲበረታ ሕሙሙን በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ድባቴና ኢንፌክሽን ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ እነዚህ ግን ይታከማሉ። አልዛይመርን ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም፣ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀልል አለ።

ሁለተኛ፣ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት አያቋርጡ።

ሦስተኛ፣ ከተማችን የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የባሌና የወላይታ መንገዶች የሚገናኙባት ናት። መንገድ የጠፋው አረጋዊ ሳያስበው ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ስምና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይኑር፤ ጎረቤት፣ ዕድርተኛና የባጃጅ ሾፌርም ይወቁት።

አራተኛ፣ ሕሙሙን ማሰር፣ መደበቅ ወይም «ነግሬህ አልነበረም?» እያሉ መቆጣት አይገባም። የረሳው እልከኛ ሆኖ ሳይሆን አንጎሉ ተጎድቶ ነውና። አስታማሚውም ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ወንድምና እኅት ተራ ይግቡ።