“ስትወልጂ ይተውሻል”፤ እስከዚያስ?

ለመሆኑ ከክፍላችሁ በየወሩ አንድ ሁለት ቀን የምትቀር ልጅ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ስም ሲጠራ “የለችም” ይባላል። በማግስቱ ስትመጣ “ሆዴን አሞኝ ነው” ትላለች፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ምን ዓይነት ህመም እንደሆነ የሚጠይቃት የለም፤ እሷም አትናገርም። ዛሬ ስለዚህ የማይወራ የሆድ ህመምና ወደ ህክምና ስለሚወስደው መንገድ ላጫውታችሁ ነው።

የትኛው ህመም ነው የሚያሰጋው?

የወር አበባ ሲመጣ ሆድን ቆረጥ ቆረጥ ማድረጉ የተለመደ ነው። ማህፀን ውስጡን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ለማስወጣት ሲኮማተር የሚፈጠር ነውና። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በርትቶ ይቀንሳል። ሞቅ ያለ ነገር ሆድ ላይ ማድረግና ምግብ በልቶ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ መውሰድ ይረዳል። ጨጓራ ያለባት ግን አስቀድማ ባለሙያ ትጠይቅ።

ማስታገሻ ተወስዶም አልለቅ የሚል፣ ከትምህርት የሚያስቀር፣ የሚያስመልስ፣ ሽንት ቤት ሲቀመጡ የሚብስ ወይም የወር አበባው ካበቃ በኋላም የማይተው ህመምስ? ይህ የሴትነት ዕጣ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው?

የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ፣ ለምሳሌ በማህፀን ቱቦ፣ እንቁላል በሚመረትበት አካል ወይም በአንጀት አካባቢ ሲበቅል የሚመጣ በሽታ ነው። የበቀለበት ቦታ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ጠባሳም ይፈጥራል፤ ህመሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት ይህ በሽታ አለባቸው። የመጀመሪያው የወር አበባ ከመጣበት ጊዜ ጀምሮ ሊከሰት ይችላል።

በሽታው ተላላፊ አይደለም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይመጣም። እርግማንም አይደለም። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም ህመሙን መቆጣጠር ግን ይቻላል።

ታዲያ ለምን ወደ ህክምና አይኬድም?

በሶሾሎጂ ትምህርት ከተማርኩት አንዱ፣ ሰው የታመመ እንደሆነ ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ሰፈሩ ምን ይለኛል ብሎ እንደሚያስብ ነው። በሥራዬ ያነጋገርኳት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በየወሩ ሦስት ቀን ትተኛ ነበር። ለምን ጤና ጣቢያ አትሄጂም ብላት፣ “የሰፈር ሰው ቢያየኝስ? ‘አርግዛ ነው’ ወይ ‘ያንን ነገር ይዟት ነው’ ነው የሚሉኝ” አለችኝ። “ያንን ነገር” ያለችው ኤች አይ ቪን ነው። እዩት እንግዲህ! በአንድ በሽታ ላይ ያበቀልነው አድልዎና መገለል ሌላ ህመም ያለባትን ልጅም በር ላይ ያስቀራታል።

ሁለተኛው እንቅፋት ምክር ነው። እናቶችና አክስቶች በቅንነት “ስትወልጂ ይተውሻል” ይላሉ። እርግዝና ግን የዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ ህመሙ ሊመለስ ይችላል። በዚያ ላይ በሽታው ራሱ በአንዳንድ ሴቶች ላይ መውለድን ያስቸግራል። ብዙዎች ግን ይወልዳሉና አትደንግጡ።

ሦስተኛው የምርመራ ፍርሃት ነው። ግንኙነት ጀምራ ለማታውቅ ልጅ አልትራሳውንድ የሚደረገው ከውጪ፣ ሆድ ላይ ነው። ያለ ፈቃዷ ምርመራ ሊደረግባት አይገባም። ደግሞም አልትራሳውንድ ላይ ምንም አለመታየቱ ህመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ በአልትራሳውንድ የማይታይ ኢንዶሜትሪዮሲስ አለና።

አራተኛው ኪኒኑ ነው። ሐኪም ለዚህ በሽታ የወሊድ መከላከያ ሊያዝ ይችላል። ውስጡ ያለው ሆርሞን ህመሙን ስለሚቀንስ ነው። ቦርሳ ውስጥ ያያት ሁሉ ሌላ ነገር እንዳያስብ ለወላጅ አስቀድሞ ማስረዳቱ ይበጃል። ይህ ኪኒን ግን ከኤች አይ ቪም ሆነ ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም።

ከየት ይጀመር?

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። “ጥቅምት 4 ጀመረኝ፤ 5 ቀን ቆየ፤ ህመሙ ከ10 ስምንት፤ ማስታገሻ ወስጄ አልተወኝም፤ 2 ቀን ከትምህርት ቀረሁ” ብላችሁ ለሁለት ሦስት ወር ጻፉ። “ሆዴን ያመኛል” ከማለት ይልቅ ይህ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስን መሳት ወይም እርግዝና ሊኖር ይችላል የሚያሰኝ ነገር ካለ ግን ደብተር ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሂዱ።

ቀጥሎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም በጤና ጣቢያ ለወጣቶች አገልግሎት የሚሰጠውን ክፍል አነጋግሩ። ካስፈለገ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ። ቤተሰባችሁ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ደረጃውን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ለወጪ ይዳረጋል። “ይሄማ የሁሉም ነው” ብሎ የሚመልሳችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ደብተሩን አሳይታችሁ በትህትና ድገሙት፤ ካልሆነም ሌላ ባለሙያ ጠይቁ።

ያቺ ተማሪ ሦስት ወር ጽፋ ከእናቷ ጋር ሄደች። ዛሬ በክትትል ላይ ናት። ህመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ የፈተና ቀን ግን አያመልጣትም።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

ወንዶች ወንድሞቻችን፣ ልብሷ የቆሸሸባትን ወይም ሆዷን ይዛ የተቀመጠችውን ልጅ ማሾፊያ አታድርጓት፤ የቀረችበትን ትምህርት አስገልብጧት። የሴቶች ክበብና የፀረ-ኤድስ ክበብ አባላት ደግሞ ይህን ጉዳይ በሚኒ ሚዲያ አንሱት። ትምህርት ቤታችሁ አንዲት ፍራሽ ያለባት ማረፊያ ክፍል፣ ሞዴስና ልጆቹን የምታነጋግር አንዲት መምህርት እንዲመድብ ጠይቁ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

አበው “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሽታዋን ስትናገር የሚሰማት ከሌለስ ምን ታድርግ? ስለዚህ ተናጋሪዋም ትናገር፣ እኛም እንስማ። ቸር ይግጠመን!