ታራ መቼ ሞተ? በዘፍጥረት የዘመን ቅደም ተከተል ላይ አጭር ጥናት

ዘፍጥረት 11 እና 12ን እርሳስ ይዞ ያነበበ ሰው አንድ ችግር ላይ መድረሱ አይቀርም። ታራ አብራምን ሲወልድ 70 ዓመቱ ነበር (11፥26)። አብራም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነው (12፥4)። ሲደመር 145 ይሆናል። ታራ ግን የሞተው በ205 ዓመቱ ነው (11፥32)። እንግዲህ ልጁ ሲሄድ አባትየው ገና 60 ዓመት ይቀረው ነበር ማለት ነው። ትረካው ግን ሞቱን አስቀድሞ ነው የሚነግረን። እስጢፋኖስም በሐዋርያት ሥራ 7፥4 አብራም ከካራን የወጣው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው ስለሚል ጥያቄው ለክርስቲያን አንባቢም ቅርብ ነው።

ነገሩ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አባትና እናትን ማክበር ትእዛዝ ለሆነበት አይሁዳዊ አንባቢ፣ አብርሃም ሽማግሌ አባቱን ጥሎ ሄደ ማለት ከባድ ነው። ራሺ (1040–1105 እ.ኤ.አ.) በሬሺት ራባ ከተባለው ሚድራሽ ወስዶ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፦ ሞቱ የቀደመው ሰዎች «አብራም አባቱን አላከበረም» እንዳይሉ ነው፤ ደግሞም ክፉዎች በሕይወት ሳሉም ሙታን ይባላሉ። መልሱ ብልሃት አለው፤ እኔን ግን አላጠገበኝም። ቁጥሮቹ እዚያው ካሉ ምን ተደበቀ? የደመረ ሁሉ ያገኘዋል።

ራምባን (1194–1270 እ.ኤ.አ.) ራሱ በዚህ መልስ ይገረማል። እንደ እሱ አባባል የአባትን ታሪክ እስከ ሞቱ ጨርሶ ከዚያ ወደ ልጁ መሻገር የመጽሐፉ ልማድ ነው። ለምሳሌ የኖኅ ሞት በምዕራፍ 9 ተጽፏል፤ በዕብራይስጡ ቁጥር ግን ኖኅ ሲሞት አብራም የ58 ዓመት ሰው ነበር። የይስሐቅም እንዲሁ ነው። ሞቱ በምዕራፍ 35፣ የዮሴፍ መሸጥ በምዕራፍ 37 ይነገራል፤ ዕድሜያቸው ሲሰላ ግን ይስሐቅ የልጅ ልጁ ከተሸጠ በኋላ 12 ዓመት ኖሯል። የሚገርመው፣ እዚህ ላይ ራሺም ሌላ ምክንያት አይፈልግም። «በቶራ ውስጥ ቀዳሚና ተከታይ የለም» የሚለውን የረቢዎች መርሕ ጠቅሶ ያልፋል። ታዲያ ለታራስ ይኸው መርሕ ለምን አልበቃም? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የታራ ጉዳይ ላይ ክብር ስላለበት ነው።

የሳምራውያን ኦሪት ታራ በ145 ዓመቱ ሞተ ስለሚል እዚያ ችግሩ የለም። ከእስጢፋኖስም ቃል ጋር ይስማማል። ግን እንዲህ ልክክ ያለ ቁጥር ያጠራጥረኛል፤ ሊያስተካክል የፈለገ ጸሐፊ 205ን ወደ 145 ይቀይራል እንጂ 145ን ወደ 205 ለምን ይቀይራል?

በግእዝ ሙሉ ሆኖ የቆየልን መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። እዚያ ታራ በሕይወት አለ። አብራም ያማክረዋል፤ እሱም መርቆ ይሸኘዋል፤ ደግ አገር ካገኘ መጥቶ እንዲወስደው ይነግረዋል። ሎጥን ይዞ እንዲሄድ፣ ናኮርን ግን እሱ ዘንድ እንዲተውለት ይለምነዋል።